በርበሬን የሚያቀላው መርዝና አዲሱ የምርመራ ዘዴ

የሰው ልጅ ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ምግብ ስለሆነ፣ ምግብን እያበላሹ መሸጥ ከማንኛውም የንግድ ማጭበርበር የከፋ መሆኑን የሚክድ አይገኝም። አባቶቻችን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር፣ እህል ላበደረ አፈር» ያሉት ስለ ብድር ቢሆንም ቃሉ ለገበያም ይስማማል። ላቡን አፍስሶ ያገኘውን ገንዘብ ከፍሎ በቀለም የተለወሰ ዱቄት የሚቀበል ሰው፣ እህል አበድሮ አፈር እንደተመለሰለት ይቈጠራል። ልዩነቱ አፈሩን ዓይን ለይቶ የሚያየው ሲሆን፣ ቀለሙ ግን ዓይንን አስደስቶ የሚያታልል መሆኑ ነው።

ዓይን ሲታለል ዳኛው ላቦራቶሪ ነው። ነገር ግን ላቦራቶሪዎች የተሸሸገውን ቀለም ለማግኘት ብዙ ዘመን ሲገለገሉባቸው የቈዩት ፈሳሾች ራሳቸው መርዘኞች ናቸው። ይህን ችግር ለማቃለል የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከሃያ ዓመት በላይ «አረንጓዴ አሟሚ» የሚባሉ ፈሳሾችን ሲያዘጋጁና ሲሞክሩ ኖረዋል። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው እነዚህ ፈሳሾች ምን እንደሆኑ፣ የተባለላቸውን ያህል ይጠቅሙ እንደሆነና እንደኛ ላለው አገር ምን እንደሚያስገኙ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቅላት በገንዘብ ሲሸጥ

በርበሬ በገበያ ላይ ከሚገመትባቸው ነገሮች አንዱ ቅላቱ ነው። ይህን ቅላት የሚሰጠው በፍሬው ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ቀለም ሲሆን፣ ፀሐይ ሲመታውና በመጋዘን ሲሰነብት እየደበዘዘ ይሄዳል። የደበዘዘ በርበሬ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። እንግዲህ ሕሊናው የደከመ ነጋዴ የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጥቂት ርካሽ ቀለም ቢጨምርበት ያረጀው በርበሬ አዲስ መስሎ ይታያልና።

ለዚህ ክፉ ተግባር በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው ሱዳን የተባለው የቀለም ወገን ነው። ስሙ ከጎረቤታችን አገር ስም ጋር ይመሳሰል እንጂ ቀለሙ የፋብሪካ ውጤት ነው። ሱዳን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትና አራት እየተባሉ የሚጠሩት ቀለሞች የተሠሩት ለሰው ሆድ ሳይሆን ዘይትን፣ ሰምን፣ ቤንዚንንና የጫማ ቀለምን ለማቅላት ነው። ሱዳን አንድ በአይጦች ላይ ሲሞከር ዕጢ ማስከተሉ ታይቷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በሰው ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ለመፍረድ የሚበቃ ማስረጃ የለም በማለት በሦስተኛው መደብ አስቀምጦታል። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ኅብረት ይህን ያህል ቢበላ አይጎዳም ተብሎ የሚወሰን መጠን ስለሌለ፣ ቀለሙ በምግብ ውስጥ ከቶ እንዳይገኝ ከልክሏል። ይህ ፍርድ ትክክለኛ ነው እንላለን፤ ቀለሙ ለሚበላው ሰው አንዳች ጥቅም ስለማይሰጥ፣ ለአጭበርባሪው ትርፍ ሲባል ጥቂት አደጋ እንኳ የሚቀበልበት ምክንያት የለም።

የነገሩ ክብደት በዓለም ፊት የተገለጠው በ2003 ነው። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ፈረንሳይ ከህንድ በመጣ የበርበሬ ምርት ውስጥ ሱዳን አንድ መገኘቱን ለአውሮፓ አገሮች አስታወቀች። በሰኔ ወር የአውሮፓ ኮሚሽን ወደ ኅብረቱ የሚገባ በርበሬ ሁሉ ከዚህ ቀለም ነጻ መሆኑን የሚያስረዳ የምርመራ ወረቀት እንዲኖረው ደነገገ። በ2004 ደንቡ ሦስቱን ሌሎች ሱዳኖች እንዲጨምር ሆነ፤ በ2005 ደግሞ እርድና የዘንባባ ዘይት ታከሉበት። የህንድ የቅመማ ቅመም ቦርድም ለውጭ ገበያ የሚላከው በርበሬ አስቀድሞ እንዲመረመር አደረገ።

ሆኖም ደንብ የሚይዘው ከወጣበት ቀን በኋላ የሚመጣውን ነው። ከደንቡ በፊት ወደ ታላቋ ብሪታንያ ገብቶ የነበረ አንድ የበርበሬ ጭነት ዎርስተር የተባለውን ስጎ ለመሥራት ዋለ። ስጎው ደግሞ ለሌሎች ፋብሪካዎች ተሽጦ በየምግቡ ውስጥ ተጨመረ። ቀለሙ ጣሊያን አገር በተላከ ስጎ ውስጥ ተገኝቶ ነገሩ ሲደረስበት፣ በየካቲት 2005 ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደብር መደርደሪያ እንዲነሡ ታዘዘ። በአንድ መጋዘን የተጨመረ ጥቂት ቀለም በመቶ በሚቈጠሩ ምግቦች ውስጥ ተበትኖ ተገኘ ማለት ነው። በሚቀጥለው ወር በቻይና በታወቀ ምግብ ቤት የዶሮ ቅመም ውስጥ ሱዳን አንድ ተገኘ፤ በ2006 ደግሞ በዚያው አገር የእንቁላላቸው አስኳል እንዲቀላ ሱዳን አራት የተቀላቀለበት ቀለብ የበሉ ዳክዬዎች ነገር ተሰማ። በ2024ም በህንድ አገር የታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት ሮዳሚን ቢ የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ቀለም ስለተገኘበት ልጆች የሚወዱት የጥጥ ከረሜላ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ስለዚህ ነገሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም።

መርዝን ለመፈለግ መርዝ

መርማሪው ይህን ቀለም እንዴት ያገኘዋል? ነገሩን ለመረዳት ከወጥ ቤት የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ቀይ ወጥ ሲበስል ዘይቱ ቀልቶ ከላይ ይንሳፈፋል። ይህ የሚሆነው የበርበሬው ቀለም ከውኃ ይልቅ ቅባትን ስለሚወድና ወደ ዘይቱ ስለሚሰደድ ነው። የሱዳን ቀለሞችም ጠባያቸው እንዲሁ ነው። ስለዚህ መርማሪው ዱቄቱን መዝኖ ቅባት ወዳዱን ቀለም ሊያሟሙ ከሚችሉ ፈሳሾች በአንዱ ውስጥ ይበጠብጠዋል፤ ከዚያም ያጣራዋል። አሟሚ የምንለው እንዲህ ያለውን ፈሳሽ ነው። የተጣራው ፈሳሽ ክሮማቶግራፍ ወደሚባለው መሣሪያ ይገባል። መሣሪያውም የተቀላቀሉትን ነገሮች በቀጭን ቧንቧ ውስጥ እያሳለፈ አንዱን ከሌላው ይለያቸዋል፤ እያንዳንዱም በሚወጣበት ጊዜ ማንነቱና ብዛቱ ይታወቃል።

ሥራው ቀላል አይደለም። በአውሮፓ ላቦራቶሪዎች ዘንድ እርምጃ ለመውሰድ መነሻ የሆነው መጠን በአንድ ኪሎ ግራም ምግብ ውስጥ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም ነው። ይህም ማለት በ10 ኩንታል በርበሬ ውስጥ የተበተነ ግማሽ ግራም ቀለም ፈልጎ እንደማግኘት ይሆናል። በዚህ ላይ ተፈጥሮ የሰጠችው የበርበሬ ቅላት አብሮ ስለሚሟሟ፣ አንዱን ቀይ ከሌላው ቀይ መለየት ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ የቈዩት አሟሚዎች አሴቶናይትራይል፣ ሄክሳን፣ ክሎሮፎርም፣ ዳይክሎሮሜቴንና የመሳሰሉት ናቸው። ሄክሳንን ለብዙ ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ነርቩ ይጎዳል። ክሎሮፎርምና ዳይክሎሮሜቴን ካንሰር ያስከትላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ወገን ናቸው፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2024 አብዛኛውን የዳይክሎሮሜቴን አገልግሎት የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። አሴቶናይትራይልም ቢሆን በሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሳያናይድ የሚለወጥ ነው። እንግዲህ ሕዝቡን ከመርዝ ለመጠበቅ የተቀመጠው መርማሪ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከመርዝ ጋር ነው። ዝቃጩ ደግሞ በልዩ ምድጃ እንዲቃጠል ወይም በጥንቃቄ እንዲጠራ ካልተደረገ ወደ መሬትና ወደ ወንዝ ይሄዳል፤ በዚያ ወንዝ ጎመን የሚያጠጣ ገበሬ ይኖራል። እሾህን በእሾህ ማውጣት የቈየ ብልሃት ነው፤ ነገር ግን ማውጫው እሾህ ተሰብሮ በሥጋ ውስጥ የቀረ እንደሆነ ምን ተተረፈ?

ከጤናው ሌላ የአቅርቦት ነገርም አለ። አሴቶናይትራይል ፋብሪካዎች አክሪሎናይትራይል የተባለውን የፕላስቲክና የሰው ሠራሽ ክር ጥሬ ዕቃ ሲያመርቱ አብሮ የሚገኝ ተረፈ ምርት ነው። በ2008 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋና የመኪና ሽያጭ ሲቀንስ ፋብሪካዎቹ ምርታቸውን ቀነሱ፤ አሴቶናይትራይልም አብሮ ጠፋ። ዋጋው ወደ ላይ ወጣ፤ የበለጸጉት አገሮች ላቦራቶሪዎች ሳይቀሩ በራሽን እስከ መገልገል ደረሱ። የመኪና ገበያ ሲቀዘቅዝ የምግብ ምርመራ የሚደናቀፍ ከሆነ፣ እያንዳንዱን ጠርሙስ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ አገር እንዴት ሊሆን ነው? ይህን ጥያቄ የወደፊት የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች አጥብቀው ሊያስቡበት ይገባል።

ከማዳበሪያና ከጦስኝ ወገን

ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር የተባሉት አሜሪካውያን ኬሚስቶች በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ የአረንጓዴ ኬሚስትሪን 12 መመሪያዎች ዘርዝረዋል። የሐሳቡ ፍሬ ነገር መርዛማ ዝቃጭ ከተፈጠረ በኋላ ከማጽዳት አስቀድሞ እንዳይፈጠር ማድረግ ይሻላል የሚል ነው። በአገራችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው መሆኑ ነው።

በ2003 በእንግሊዝ አገር በሌስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሩ አቦትና የሥራ ባልደረቦቻቸው አንድ ነገር አሳዩ። ኮሊን ክሎራይድ ለዶሮ ቀለብ የሚጨመር ጨው ሲሆን የሚቀልጠው ከ300 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። ዩሪያ ደግሞ ገበሬዎቻችን ሁሉ የሚያውቁት ማዳበሪያ ሲሆን የሚቀልጠው በ133 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለቱ ደረቅ ነገሮች፣ አንድ እጅ ከመጀመሪያው ሁለት እጅ ከሁለተኛው በሞል ተለክተው፣ ተደባልቀው ጥቂት ሲሞቁ ፈሳሽ ይሆናሉ፤ ያ ፈሳሽ እስከ 12 ዲግሪ ድረስ ሳይረጋ ይቈያል። ምክንያቱ የአንዱ ቅንጣቶች የሌላውን ይዘው ሁለቱም እንደየራሳቸው ልማድ ተደርድረው እንዳይጠጥሩ ስለሚከላከሉ ነው። ይህን የመሰለው ፈሳሽ በቀላሉ አይተንም፤ እሳትም ቶሎ አይዘውም፤ መሥሪያውም ርካሽ ነው።

የዩሪያው ፈሳሽ ውኃ ወዳድ ስለሆነ ቅባት ወዳዱን ሱዳን ለመያዝ አይመችም። ስለዚህ ከ2015 ወዲህ ተመራማሪዎች ውኃን የሚሸሹ ተመሳሳይ ፈሳሾችን ማዘጋጀት ጀመሩ። ለዚህም የሚያገለግሉት ከናና ወገን የሚገኘው ሜንቶል፣ ከጦስኝ ወገን የሚገኘው ታይሞል፣ በፍየል ወተትና በኮኮነት ዘይት ውስጥ ያለው ዴካኖይክ አሲድና የመሳሰሉት ናቸው። እንዲህ ያሉት ፈሳሾች ሱዳንን ከበርበሬና ከስጎ ለማውጣት ተሞክረው ጥሩ ውጤት አሳይተዋል።

ከፈሳሹ ዓይነት ጋር መጠኑም ተለውጧል። በ2006 የኢራን ኬሚስቶች አንድ ጠብታ አሟሚ በናሙናው ውስጥ እንደ ጉም እንዲበተን የሚያደርግ ዘዴ አስተዋወቁ። ጉሙ ቀለሙን ከየአቅጣጫው ይሰበስባል፤ ከዚያም መሣሪያ በፍጥነት ሲያሽከረክረው ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። በ10 ሚሊሊትር ውስጥ የነበረው ቀለም በ0.1 ሚሊሊትር ጠብታ ውስጥ በሙሉ ቢሰበሰብ 100 እጥፍ ይጠነክራል፤ የማይታየውም የሚታይ ይሆናል። መጀመሪያ ለዚህ ዘዴ የዋሉት ጠብታዎች ክሎሪን ያለባቸው አሮጌ አሟሚዎች ነበሩ። አሁን ግን ሜንቶልንና የቅባት አሲዶችን የመሰሉት እየተተኩ ነው።

ስም ብቻውን አይበቃም

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚያስደስት ቢሆንም፣ አረንጓዴ የተባለ ሁሉ አረንጓዴ ነው ብሎ መቀበል የዋህነት ነው። ነጋዴው በቀለም እንደሚያታልል ሁሉ ስምም ሊያታልል ይችላልና።

መጀመሪያ፣ ጠብታው ንጹሕ ቢሆንም መሣሪያው የሚጠጣው ፈሳሽ አለ። የተለመደው ክሮማቶግራፍ በደቂቃ 1 ሚሊሊትር ያህል ፈሳሽ ያፈሳል፤ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን 480 ሚሊሊትር ይሆናል። ሱዳንን ለመለየት ሲሠራ ከዚህ የሚበዛው አሴቶናይትራይል ወይም ሜታኖል ነው። ናሙናውን በአንዲት የሜንቶል ጠብታ አዘጋጅቶ ግማሽ ሊትር መርዝ ማፍሰስ፣ በር ዘግቶ መስኮት እንደመክፈት ይቈጠራል። ሁለተኛ፣ ከእነዚህ ፈሳሾች አንዳንዶቹ እንደ ማር የወፈሩ ስለሆኑ ለመሥራት ያስቸግራሉ፤ በሕያዋን ላይ በተደረገ ምርመራም ሁሉም ከጉዳት ነጻ ሆነው አልተገኙም። ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ አይጎዳም ማለት እንደማይቻል ከአገራችን መርዛም ቅጠሎች የምናውቀው ነው።

ለዚህ ነው ሊቃውንቱ ራሳቸው መለኪያ ያወጡት። በ2012 አንድ የምርመራ ዘዴ ከ100 ነጥብ ተነሥቶ በተጠቀመው መርዝ፣ ኃይልና ዝቃጭ ልክ እየተቀነሰበት የሚመዘንበት ሥርዓት ተዘጋጀ። በ2020 ደግሞ የፖላንድና የስፔን ኬሚስቶች ዘዴን በ12 መመዘኛዎች ከዜሮ እስከ አንድ የሚገምት ሌላ መለኪያ አቀረቡ። እንግዲህ «ዘዴያችን አረንጓዴ ነው» የሚለው ቃል ስንት ነጥብ አገኘ ተብሎ የሚጠየቅበት ጊዜ ደርሷል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የፍርድ ነገር ነው። ምርመራ የሰውን ስምና ንብረት የሚነካ ሥራ ነው። የበርበሬውን የራሱን ቅላት ሱዳን ነው ብሎ የሚሳሳት ዘዴ ንጹሑን ነጋዴ ያከስራል፤ ሱዳኑን ሳያይ የሚያልፍ ዘዴ ደግሞ ቤተሰብን ይጎዳል። ስለዚህ አዲሱ ዘዴ ከመታመኑ በፊት የታወቀ መጠን ተጨምሮበት ስንቱን እንደሚመልስ፣ እስከ ምን ድረስ ትንሹን እንደሚያይ፣ በሌላ ሰው እጅና በሌላ ላቦራቶሪ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጥ እንደሆነ መመስከር አለበት። አይ.ኤስ.ኦ. 17025 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ላቦራቶሪዎችን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

የእኛ ድርሻ

ይህን ሁሉ ካመዛዘንን በኋላ የደረስንበትን ሐሳብ በግልጽ እንናገራለን። የአረንጓዴ አሟሚዎች ዋና ጥቅም ተፈጥሮን መንከባከባቸው ብቻ አይደለም፤ ምርመራን ከዋና ከተማ ላቦራቶሪ አውጥተው ወደ ገበያ ሊያቀርቡት መቻላቸው ነው። ጠብታ የሚበቃው ምርመራ ትልቅ የመርዝ መጋዘንና የዝቃጭ ማቃጠያ አይፈልግም። የጠነከረችው ጠብታ ዋጋው መካከለኛ በሆነ የብርሃን መለኪያ ስትታይ የሚያጠራጥረውን ከማያጠራጥረው ለመለየት ትረዳለች፤ የሚያጠራጥረው ብቻ ወደ ትልቁ መሣሪያ ተልኮ ይረጋገጣል። በዚህ አሠራር የመጀመሪያው ወንፊት፣ ሁለተኛው ዳኛ ይሆናል። በወንፊቱ ብቻ መፍረድ ግን አይገባም።

ጉዳዩ ለእኛም የሩቅ አይደለም። ዱሮ የቤት እመቤት ዛላውን ራሷ መርጣ፣ ቀንጥሳ፣ አስጥታ፣ ከነቅመማ ቅመሙ ደልዛ ታስፈጭ ነበር። ዛላ ራሱን አይደብቅም፤ የተበላሸው ከደህናው በዓይን ይለያል። ዛሬ ግን በከተማ የሚኖረው ሕዝብ ሥራው ስለበዛ የተፈጨ በርበሬ መግዛት ለምዷል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዘመድ የሚላክላቸውን ወይም በመደብር የሚሸጠውን ዱቄት ይመገባሉ። ዱቄት ደግሞ ምስጢር ይይዛል። በበርበሬ ውስጥ የተፈጨ ሸክላ ተደባልቆ ስለመያዙ በአገራችን በየጊዜው የተነገረውን ሁሉም ሰምቶታል። ሸክላን በዱቄት ውስጥ ከመደባለቅ የማይመለስ እጅ፣ ቀለም በርካሽ ቢያገኝ ይመለሳል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ሕጉ አለ። በእኛ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ምግብን ማበላሸትንና መበረዝን ይከለክላል። ነገር ግን አዋጅ የሚሠራው መርማሪ ሲኖረው ነው፤ መርማሪም የሚሠራው መሣሪያና ፈሳሽ ሲኖረው ነው። ኬሚስትሪ የምትማሩ ወጣቶች ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ በደጋችን የሚበቅለውን ጦስኝ አስቡት፤ በፊንጫና በመተሐራ ከስኳር ተረፈ ምርት ሲወጣ የነበረውን ኤታኖልም አትርሱ። ኤታኖል በአረንጓዴ አሟሚነት ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራ ፈሳሽ ነው። በመሥሪያ ቤት ሥራ የጀመራችሁም የላቦራቶሪ ዕቃ ግዢ ሲቀርብላችሁ ዋጋውን ብቻ አትመልከቱ፤ ዝቃጩ የት ይደፋል፣ አቅርቦቱ ቢቋረጥ ምን ይተካዋል፣ ዘዴው በማን ተመስክሮለታል ብላችሁ ጠይቁ።

የእንግሊዙ ስጎ ታሪክ የሚያስተምረን ሌላም ነገር አለ። ቀለሙ ከ400 ምግቦች ሊነሣ የቻለው የትኛው ጭነት ለማን እንደተሸጠ የሚናገር መዝገብ ስለነበረ ነው። መዝገብ በሌለበት ገበያ የላቦራቶሪ ውጤት ጥፋቱን ይናገራል እንጂ አጥፊውን አያሳይም። ስለዚህ ከጠብታው ጋር ደረሰኙ፣ ከኬሚስቱ ጋር የመጋዘን ጸሐፊው አብረው መሥራት ይኖርባቸዋል።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የምግብ ምርመራም ሁለቱን ይፈልጋል። ክልክሉን ቀለም እስከ ምንጩ ተከትሎ መያዝ ከሥሩ መነሣት ነው፤ ይህንም ወንዛችንን በማይበክል ፈሳሽ ማድረግ ከጥሩው መቅዳት ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ምርመራ፣ ለዛሬው ማዕድ ሲጠነቀቅ የነገውን ማዕድ የሚያበላሽ ይሆናል።